ሲስቁበት የኖረ ማስጠንቀቂያ፦ «ሪፈር ማድነስ» እና የአሜሪካ ካምፓሶች

ሉዊ ጋስኒዬ በ1936 ያዘጋጀው ፊልም የተሰጠው ሥራ አንድ ብቻ ነበር፤ ወላጆችን ማስደንገጥ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) የመጀመሪያ ስሙም ይህንኑ ይናገራል፤ «ለልጆቻችሁ ንገሩ» ነበር የሚባለው። ዛሬ ወላጅ አያየውም፣ የሚደነግጥለትም የለም። «ሪፈር ማድነስ» በሚለው የኋላ ስሙ፣ ከሃምሳ ዓመት በላይ የአሜሪካ ኮሌጅ ተማሪዎች እኩለ ሌሊት ላይ ተሰብስበው፣ ብዙ ጊዜም አታጭሱ ያላቸውን እያጨሱ፣ ሆዳቸውን ይዘው የሚስቁበት ፊልም ሆኗል። የማሪዋናን ጉዳት እናስተምር ብለው ከተነሡ ሥራዎች መካከል በካምፓስ የዚህን ያህል የታየ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ስለ ፊልሙ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ከሳቁ አያልፍም። ትወናው ያስቃል፣ ታሪኩ ቅጥ የለውም፣ ሳይንሱ ቅዠት ነው ይባላል፤ ሁሉም እውነት ነው። ግን ፊልሙ ዋሽቶ ሲነቃበት ከሁሉ በላይ የተጎዳው ራሱ አልነበረም። የተጎዱት ከእሱ በኋላ እውነቱን ይዘው የመጡት ናቸው። ማሪዋና አእምሮን ሊያናጋ ይችላል የሚል ሐኪም ዛሬ በአንድ ዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ቆሞ ሲናገር፣ ከኋላ ወንበር የሚሰማው ሳቅ የተማሪዎቹ ብቻ አይደለም። ከእነሱ በፊት የነበሩ ሁለት ትውልዶችም አብረው ይስቃሉ።

ታሪኩ የሚጀምረው በስብሰባ ነው። ዶክተር ካሮል የተባለ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር የወላጆችንና የመምህራንን ማኅበር ሰብስቦ ስለ አዲሱ መቅሠፍት ያስረዳል። ፊልሙ ማሪዋናን ከኦፒየምና ከሄሮይን እንኳ አስፈሪ አድርጎ ካቀረበ በኋላ፣ ርእሰ መምህሩ እዚሁ ከተማ ደረሰ የሚለውን ታሪክ ይተርካል። ሜይና ጃክ የተባሉ ጥንዶች አፓርታማቸውን ለወጣቶች ከፍተው ማሪዋና ይሸጣሉ። ለልጆች መሸጡ ሜይን ይከነክናታል፤ ጃክ ደንታም የለው። ቢል የተባለው ጨዋ ተማሪ እዚያ ቤት እግሩ ይገባል። የፍቅረኛው የሜሪ ወንድም ጂሚ ደግሞ ቀድሞ ገብቷል። ከዚያ በኋላ መዓቱ ይወርዳል። ጂሚ አጭሶ መኪና ሲነዳ መንገደኛ ይገጫል። ሜሪ ወንድሟን ፍለጋ መጥታ በግርግሩ መሀል በጥይት ትሞታለች። ሽጉጡን ቢል እጅ ውስጥ ያኖሩታል፤ ቢልም ራሱን ስቶ ስለነበር ገዳዩ እኔ ነኝ ብሎ ያምናል። ራልፍ የተባለው ከኮሌጅ ያቋረጠ ወጣት አእምሮውን ስቶ ጃክን ቀጥቅጦ ይገድላል። እዚያው ቤት የምትውል ብላንሽ የተባለች ወጣት እውነቱን ተናግራ ቢልን ካዳነች በኋላ ራሷን በመስኮት ትወረውራለች። ራልፍም ዕድሜ ልኩን የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ይገባል። ይህ ሁሉ ከአንድ ሰዓት ብዙም በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ ያልቃል።

እንደ ፊልም ሥራ ከመዘንነው በጀቱ ያነሰ፣ ጊዜው የጠበበ፣ እንደ ነገሩ የተሠራ ነው። ብርሃኑ ጠፍጣፋ ነው፤ ካሜራው አንድ ቦታ ላይ ይተከልና ተዋናዮቹ እስኪጨርሱ ይጠብቃል። ንግግሩ የተጻፈው ሰው እንደሚያወራ ሳይሆን ፖሊስ ሪፖርት እንደሚያነብ ነው። ቢሆንም ራልፍን የሚጫወተው ዴቭ ኦብራየን መታየት ያለበት ነው። ዓይኑን አፍጥጦ፣ ትከሻውን እየሰበቀ፣ ብላንሽ ፒያኖ ስትጫወት «ፈጠን! ፈጠን!» እያለ የሚጮህበት ትዕይንት የፊልሙ መታወቂያ ሆኗል። መጥፎ ትወና ነው፤ ግን የሰነፍ ትወና አይደለም። ሰውየው ያለ የሌለ ጉልበቱን አውጥቷል። ችግሩ የሚጫወተው ሰካራምን ይሁን፣ ኮኬይን የወሰደ ሰውን ይሁን፣ የእብድ ውሻ በሽታ የያዘውን ይሁን ማንም አልነገረውም። ማሪዋና ያጨሰ ሰው አይቶ የሚያውቅ ተመልካች ደግሞ አንድ ነገር ወዲያው ይገባዋል፤ በዚህ ፊልም ማንም አይርበውም፣ ማንም አይፈዝም፣ ማንም የጀመረውን ዓረፍተ ነገር ረስቶ ዝም አይልም። ሁሉም ይሮጣል፣ ይጮኻል፣ ይደባደባል።

አንድ ትዕይንት ግን ከዚህ ፍርድ እለያለሁ፤ የጂሚን መኪና። አነዳዱ የተጋነነ ነው። ያጨሰ አሽከርካሪ ብዙውን ጊዜ ከመክነፍ ይልቅ ፍጥነቱን ቀንሶ ከመሥመሩ ሲዋልል ነው የሚታየው። ያም ሆኖ ሐሳቡ ትክክል ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ፣ የምህንድስናና የሕክምና አካዳሚዎች በ2017 ባወጡት ትልቅ ዘገባ ማሪዋና ወስዶ መንዳት የመኪና አደጋን ከመጨመር ጋር መያያዙን በጠንካራ ማስረጃ ከተደገፉት መደምደሚያዎች መካከል አስቀምጠውታል። ያን ሁሉ ውሸት በደረደረ ፊልም ውስጥ ይህች እውነት ተሰንቅራ መገኘቷ ያሳዝናል፤ ታዳሚው እሷም ላይ ይስቃልና።

አሁን ወደ ዋናው ጉድለት ልምጣ። ይህ ፊልም ስለ ወጣቶች ነው እንጂ ለወጣቶች አይደለም። ርእሰ መምህሩ ሲናገር ፊት ለፊቱ የተቀመጡት ወላጆች ናቸው፤ ልጆቹ በስብሰባው የሉም። በሚተረክላቸው ታሪክ ውስጥም ቢሆን አንዳቸው እንኳ ለምን እንደሚያጨሱ አይናገሩም። ቢል የመጀመሪያውን ሲያጨስ ፊቱ ላይ የሚታየው ግራ መጋባት ብቻ ነው። ማወቅ ፈልጎ ነው? ጓደኞቹ እንዳይስቁበት ነው? ከሜሪ ጋር የተፈጠረ ነገር አለ? ፊልሙ አይጠይቅም፤ ለመጠየቅ ልጁን እንደ ሰው ማየት ይጠይቃላ። ለፊልሙ ልጅ ማለት እንክብካቤ የሚፈልግ ዕቃ ነው፤ ሌላ ሰው ካልጠበቀው ይሰበራል። የሃያ ዓመት ተማሪ ይህን ሲያይ የሚስቀው በማሪዋናው የተሳሳተ ሥዕል ብቻ አይመስለኝም። የሚስቀው እሱን የሚመስለው ሰው አሻንጉሊት ሆኖ በመቅረቡም ነው።

ፊልሙን መንግሥት ያሠራው ፕሮፓጋንዳ ነው ሲባል ደጋግሜ እሰማለሁ፤ ትክክል አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ሰዎች ገንዘብ ለወላጆች ትምህርት ተብሎ ተጀመረ ይባላል። ብዙም ሳይቆይ ድዌይን ኤስፐር የተባለ ነጋዴ እጅ ገባ፤ እሱም ቆራርጦና ቀጣጥሎ ከከተማ ከተማ ያዞረው ጀመር። በዘመኑ የሆሊውድ የሥነ ምግባር ደንብ አደንዛዥ ዕፅን በፊልም ማሳየት ይከለክል ነበር። ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች የማይደፍሩትን እንደ ኤስፐር ያሉት «ትምህርታዊ ነው» በሚል ሽፋን ያሳዩት ነበር። ሜይ ልብስ ስትቀይር፣ ስቶኪንግ ስታጠልቅ ካሜራው የሚዘገየው ለምን እንደሆነ የሚገባን ይህን ስናውቅ ነው። ምክሩ ሽፋን፣ ገበያው ሌላ። ስለዚህ ፊልሙ ማስተማር አቅቶት የወደቀ ነው ከማለቴ በፊት፣ መጀመሪያውኑ ማስተማር ምን ያህል ጉዳዩ እንደነበር እጠይቃለሁ።

መንግሥት ፊልሙን ባያሠራም ድምፁ ግን አንድ ነበር። ከ1930 እስከ 1962 የፌዴራል ናርኮቲክስ ቢሮን የመራው ሃሪ አንስሊንገር በጋዜጣም በምክር ቤትም የሚያወራው ይህንኑ የደምና የእብደት ታሪክ ነበር። በ1937 የማሪዋና የቀረጥ ሕግ ሲወጣ የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበርን ወክሎ የቀረበው ዊልያም ውድዋርድ ሕጉን ተቃውሞ፣ የቀረበው ማስረጃ የጋዜጣ ወሬ እንጂ በአካል ቀርቦ የተመረመረ ምስክርነት አለመሆኑን ተናገረ። የሰማው የለም።

ፊልሙ ለብዙ ዓመታት ተረስቶ ኖረና በ1972 ኪዝ ስትራውፕ አገኘው። ስትራውፕ የማሪዋና ሕግ እንዲሻሻል የሚታገለውን ኖርምል የተባለ ድርጅት የመሠረተ ሰው ነው። የፊልሙን አንድ ቅጂ በ297 ዶላር ገዝቶ በየኮሌጁ ለድርጅቱ የገንዘብ ማሰባሰቢያ ያሳየው ጀመር። ኒው ላይን ሲኒማ የተባለው ያኔ ገና ትንሽ የነበረ አከፋፋይ ደግሞ የፊልሙ የባለቤትነት መብት በአግባቡ አለመመዝገቡን አይቶ ለማንም የተፈቀደ የጋራ ሀብት መሆኑን ተረዳ፤ በመላ አገሪቱም አከፋፈለው። ለዕፅ ጦርነት የተሠራው መሣሪያ የሌላኛው ወገን ቀስቃሽ ሆነ። ጊዜውም የገጠመ ነበር። በዚያው በ1972 በሬይመንድ ሼፈር የሚመራው የፌዴራል ኮሚሽን ለግል መጠቀሚያ ማሪዋና መያዝ ወንጀል መሆኑ እንዲቀር ሐሳብ አቀረበ፤ ፕሬዚዳንት ኒክሰን አልተቀበሉትም። በአዳራሹ ጨለማ ውስጥ ለሚስቀው ተማሪ ከዚህ በላይ ምን ማረጋገጫ ያስፈልገዋል? ሽማግሌዎቹ ይዋሻሉ፤ ከመካከላቸው የማይዋሽ ቢገኝም አይሰሙትም።

ይህ ሳቅ ራሱ የጤና ትምህርት ነበር ማለት እችላለሁ። በሰባዎቹ ኮሌጅ የገባ አሜሪካዊ ስለ ማሪዋና ያለው አመለካከት የተቀረጸው በጤና ማዕከሉ በራሪ ወረቀት ይመስላችኋል? በእኩለ ሌሊት ፊልም፣ በጓደኛ አፍና በራሱ ልምድ ነው። እሱ ቀምሶ ሰው አልገደለም፤ ጓደኛው ቀምሶ በመስኮት አልዘለለም። ስለዚህ የተነገረው ሁሉ ሐሰት ነው ብሎ ደመደመ። መደምደሚያው የአመክንዮ ስሕተት አለበት፤ ግን ማን ይፈርድበታል?

ከዚያ ወዲህ የመጡት አስተማሪዎች ከፊልሙ ተማሩ ወይ ብለን ብንጠይቅ መልሱ የሚያኮራ አይደለም። በ1983 ሎስ አንጀለስ ላይ የተጀመረው ዴር የተባለው ፕሮግራም ፖሊሶችን ክፍል ውስጥ አስገብቶ ሕፃናትን ያስተምር ነበር። በ1994 የታተመ የጥናቶች ግምገማ ዕፅ በመጠቀም ላይ ያመጣው ለውጥ ከቁጥር የማይገባ መሆኑን አሳየ። በ1987 የወጣው ታዋቂ ማስታወቂያ በጋለ መጥበሻ ላይ የሚጠበስ ዕንቁላል አሳይቶ ዕፅ አእምሮን እንዲህ ያደርጋል አለ። ተማሪዎች ዕንቁላሉን በቲሸርት ላይ አትመው ቀለዱበት። ዶክተር ካሮል በዕንቁላል ተተካ፤ አካሄዱ ያው ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የኮሎራዶ ነገር ነው። ግዛቲቱ በ2012 በሕዝብ ድምፅ ማሪዋናን ዕድሜያቸው 21 ለሞላ ሰዎች ፈቀደች፤ የሱቅ ሽያጭም ጥር 1 ቀን 2014 ተጀመረ። በዚያው ዓመት በነሐሴ ዴንቨር ውስጥ ሰው የሚያህል የአይጥ ማጎሪያ፣ የውኃ መጠጫው ሳይቀር ተሰቅሎለት፣ አደባባይ ላይ ቆመ። መልእክቱ የላቦራቶሪ አይጥ አትሁኑ ነው፤ ዕፁ የወጣት አእምሮን ምን እንደሚያደርግ ገና እየተጠና ስለሆነ መሞከሪያ አትሁኑ ማለቱ ነው። ሐሳቡ ከ1936ቱ የተሻለ ሐቀኝነት አለው፤ ገና አልታወቀም ብሎ ያምናልና። ነገር ግን ወጣቱን አይጥ ብሎ ጠርቶ ስማኝ ማለት ምን ዓይነት ብልሃት ነው? የቦልደር ትምህርት ቤቶች ማጎሪያውን አንፈልግም አሉ። በቀጣዩ ዓመት የግዛቲቱ የጤና መሥሪያ ቤት ድምፁን ቀይሮ መጣ። ሕጉ ይህ ነው፣ ልጆች የማይደርሱበት ቦታ አስቀምጡ፣ አጭሳችሁ አትንዱ የሚል ረጋ ያለ፣ ፈገግታ ያለው ዘመቻ ነበር። እንደ ማስታወቂያ ሥራ አሰልቺ ነው። እንደ ትምህርት ግን ከዕንቁላሉም ከማጎሪያውም እመርጠዋለሁ።

በዚያችው በቦልደር ከተማ ያለው የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ሌላ ዘዴ ነበረው። በየዓመቱ ሚያዝያ 20 ቀን ከ10,000 በላይ ሰው በኖርሊን አደባባይ ተሰብስቦ በአንድነት ያጨስ ነበር። በ2012 አስተዳደሩ አደባባዩን ዘግቶ ሣሩ ላይ ከዓሣ የተሠራ ግም ማዳበሪያ ረጨበት። ተሳካለት፤ ስብሰባው ተበተነ። እንደ ጸጥታ ማስከበር ብልህ ነው፤ ስለ ጤና ግን አንድ ቃል አልወጣውም። ዩኒቨርሲቲው ሊል የሚችለው ጥቂት እንደሆነም እረዳለሁ። በ1989 የተሻሻለው የፌዴራል ሕግ የመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ኮሌጅ ሁሉ ሕገ ወጥ ዕፅን በግቢው እንዲከለክልና የመከላከያ ፕሮግራም እንዲኖረው ያስገድዳል። ማሪዋና ደግሞ ግዛቱ ቢፈቅደውም በፌዴራል ሕግ ቁጥጥር ሥር ነው። የካምፓስ ጤና መምህር ከአጥር ውጭ በሱቅ የሚሸጠውን ነገር አጥር ውስጥ እንደሌለ ሆኖ ማስተማር አለበት።

ውሸቱ ወዳስከተለው ኪሳራ እንምጣ። በመጋቢት 2014፣ ሱቆቹ በተከፈቱ በሦስተኛው ወር፣ ከጎረቤት ግዛት ለዕረፍት ወደ ዴንቨር የመጣ የ19 ዓመት ወጣት ጓደኛው የገዛለትን የማሪዋና ኩኪ በላ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በ2015 ያተመው ዘገባ ነገሩን በዝርዝር ያስቀምጠዋል። ኩኪው በድምሩ 65 ሚሊ ግራም ቲኤችሲ (የማሪዋና አስካሪ ንጥረ ነገር) ነበረው፤ ለስድስት ተከፍሎ የሚበላ ነው። ሻጩም አንድ ቁራጭ ብቻ ብሉ ብሏቸዋል። ወጣቱ አንዷን ቁራጭ በላ፤ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ቢጠብቅ ምንም አልተሰማውም። ስለዚህ የቀረውን ጨረሰው። ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ቆይቶ፣ ንግግሩና ሁኔታው ከተለዋወጠ በኋላ፣ ከአራተኛ ፎቅ በረንዳ ራሱን ወርውሮ ሞተ።

በ1936ቱ ፊልም በመስኮት የምትዘለው ብላንሽ የሳቅ ምክንያት ናት። የዴንቨሩ ሞት ግን በእርግጥ ሆነ። ልጁን ሊያድነው ይችል የነበረው ዕውቀት ደግሞ አስፈሪም ድንቅም አይደለም፤ የምግብ መፈጨት ጉዳይ ነው። የተጨሰ ማሪዋና በሳንባ አልፎ በደቂቃዎች ውስጥ አንጎል ይደርሳል። የተበላው በሆድና በጉበት ዞሮ ለመሰማት ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ሊወስድበት ይችላል፤ ጉበትም ቲኤችሲውን ይበልጥ ኃይለኛ ወደሆነ ዓይነት ይለውጠዋል። «ምንም አልተሰማኝም» ማለት «አልሠራም» ማለት አይደለም። ይህን በሁለት ደቂቃ ማስረዳት ይቻላል። ግን ይህን ዓረፍተ ነገር ለመናገር አስተማሪው መጀመሪያ ተማሪው ሊበላው እንደሚችል መቀበል አለበት፤ ዶክተር ካሮልም ዘሮቹም እምቢ ያሉት ይህንኑ ነው። ኮሎራዶ ግን ነገሩን በስብከት አልፈታችውም። አንድ ጊዜ የሚወሰደው መጠን ከ10 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ተለይቶ እንዲታይ፣ ኋላም የቲኤችሲ ምልክት ምግቡ ላይ ራሱ እንዲታተም አደረገች።

ሁለተኛው ኪሳራ ከዚህ ይከፋል፤ የአእምሮ ሕመም ጉዳይ ነው። ፊልሙ አንድ ሲጃራ ያሳብዳል አለ፤ ሐሰት ነው። አሁን ግን ሱቅ ውስጥ ያለው ዕፅ የ1936ቱ አይደለም፤ የ1972ቱም አይደለም። በአሜሪካ የተያዙ ናሙናዎች በዘጠናዎቹ አጋማሽ በአማካይ 4 በመቶ ገደማ ቲኤችሲ ነበራቸው፤ በ2014 ወደ 12 በመቶ ደርሰዋል። በቬፕና በሰም መልክ የሚሸጠው የተጣራ ውጤት ከ60 በመቶ በላይ የሚሄድበት ጊዜ አለ። በ2019 በላንሴት ሳይካያትሪ መጽሔት የታተመው የማርታ ዲ ፎርቲና የባልደረቦቿ ጥናት በአውሮፓና በብራዚል 11 ቦታዎች የተካሄደ ነው። በየቀኑ ኃይለኛውን (10 በመቶና ከዚያ በላይ ቲኤችሲ ያለውን) የሚጠቀሙ ሰዎች፣ ፈጽሞ ከማይጠቀሙት ጋር ሲነጻጸሩ፣ ከእውነታ ጋር የሚያለያይ የአእምሮ ሕመም የመያዛቸው ዕድል አምስት እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። መንስኤና ውጤቱን ሙሉ በሙሉ የሚዘጋ ማስረጃ አይደለም፤ ተመራማሪዎች ዛሬም ይከራከሩበታል። ቢሆንም ሕመሙ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በአሥራዎቹ መጨረሻና በሃያዎቹ ዕድሜ፣ ማለትም ልክ በኮሌጅ ዓመታት፣ መሆኑን ስናስብ ከዚህ የበለጠ ለካምፓስ የሚገባ ርእስ አላውቅም። በቤተሰቡ እንዲህ ያለ ሕመም ያለበት ተማሪ ይህን ከማንም በፊት መስማት ነበረበት። አይሰማም፤ ምክንያቱም ወሬው ገና ሲጀመር የራልፍ ፊት ይመጣበታል።

ፊልሙ ሳያውቅ የሠራው ሌላም ጥፋት አለ። በሜይ አፓርታማ ሁሉም ያጨሳል።  ካሜራው ከዚያ ክፍል ሲወጣ በብዛት የምናየው ወላጅና ፖሊስ ነው። ዛሬ የኮሌጅ ተማሪዎች ስለ እኩዮቻቸው የሚያስቡት ይህንኑ ይመስላል። ዌስሊ ፐርኪንስና አለን በርኮዊትዝ በ1986 በአልኮል ላይ ባደረጉት ጥናት ተማሪ ጓደኞቹ ከሚጠጡት በላይ ይጠጣሉ ብሎ እንደሚገምት ካሳዩ ወዲህ፣ ማሪዋናም ላይ ተመሳሳይ ነገር ተገኝቷል። በ2006 የታተመ አንድ ጥናት ውስጥ ከተጠየቁት ተማሪዎች ሁለት ሦስተኛው ምንም እንደማይጠቀሙ ሲናገሩ፣ 98 በመቶው ግን ተማሪ በአጠቃላይ ቢያንስ በዓመት አንዴ ይጠቀማል ብለው ገምተዋል። ሞኒተሪንግ ዘ ፊውቸር የተባለው ዓመታዊ ጥናት በ2020 ባለፈው አንድ ዓመት ማሪዋና ተጠቅሜያለሁ ያሉ የኮሌጅ ተማሪዎች 44 በመቶ መሆናቸውን መዝግቧል፤ በ2015 38 በመቶ ነበሩ። በ2020 በየቀኑ ወይም በየቀኑ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ የሚጠቀሙት 8 በመቶ ነበሩ። ጭማሪው የሚናቅ አይደለም። ግን ቁጥሩን ገልብጦ ለሚያነብ፣ በዚያ ዓመት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ተማሪ አልነካውም። ስለዚህኛው ተማሪ ፊልም የሠራለት የለም፤ የጤና ማዕከሉም ሲያስታውሰው አይታይም።

የተሻለ መንገድ የለም ማለት አይደለም። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መጀመሪያ ለአልኮል፣ በኋላ ለማሪዋና ያዘጋጁት አጭር ውይይት አለ። አንድ ባለሙያና አንድ ተማሪ ይቀመጣሉ፤ ተማሪው ምን ያህል እንደሚጠቀም፣ ምን እንደሚያወጣ፣ እኩዮቹ በእውነት ምን ያህል እንደሚጠቀሙ በወረቀት ፊቱ ይቀርባል። ባለሙያው አይፈርድም፤ ጠይቆ ያዳምጣል። ውጤቱ ተአምር አይደለም፤ መጠነኛ ነው። ለካሜራም አይመችም፤ አንድ ክፍል፣ ሁለት ወንበር፣ ጩኸት የለም፣ ፒያኖ የለም።

ስለ ዘመዶቹ አጭር ቃል ልበል። በ1998 ሎስ አንጀለስ ላይ ፊልሙን ወደ ሙዚቃዊ ተውኔት የለወጡት ኬቨን መርፊና ዳን ስቱድኒ በ2005 በቴሌቪዥን ፊልም አድርገውታል። ጎበዝ ሥራ ነው፤ አለን ከሚንግ ስብከቱን የሚያቀርበው ሰውዬ ሆኖ እያስጨበጨበ ይሰብካል። ነገር ግን የሞተ ጠላት ላይ መዝፈን ቀላል ነው። የ2005 ተመልካች አንስሊንገርን ለመናቅ ድፍረት አያስፈልገውም፤ በዘመኑ እየበረታ ስለሄደው ዕፅ ለመጠየቅ ግን ያስፈልገዋል፤ ሙዚቃው ወደዚያ ዞር አይልም። በ2004 የወጣውን በቀለም የተነከረ ቅጂ ማየት አያስፈልግም፤ ጭሱን በቀለም መቀባቱ ለአንድ ቀልድ ነው፣ ቀልዱም በአሥር ደቂቃ ያልቃል።

አማርኛ አንባቢ በዚህ ፊልም ምን ያገባዋል ለሚል፣ ካርታ ማየት ይበቃል። በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢና በዴንቨር ዙሪያ፣ በተለይ በኦሮራ፣ ኢትዮጵያውያን በብዛት ይኖራሉ። ኮሎራዶ በ2012፣ ዲሲ በ2014 ማሪዋናን በሕዝብ ድምፅ ፈቅደዋል፤ ቨርጂኒያ በ2021 ለራስ መያዝን፣ ሜሪላንድ በ2023 የሱቅ ሽያጭን ፈቅዳለች። ልጆቻቸው ኮሌጅ የገቡባቸው ግዛቶች እነዚሁ ናቸው። በብዙ ቤት የሚሰጠው ትምህርት ደግሞ ዶክተር ካሮል ቢሰማው የሚያጨበጭብለት ነው፤ «ሰምተሃል ልጄ፣ እንዳትነካ!» ተብሎ ይዘጋል። ልጁም «እሺ እማዬ» ብሎ ይወጣል። ካምፓስ ሲደርስ የሚያገኘው ሳቁን ነው።

ለዚህ ተማሪ ከጤናው ጎን ለጎን ፊልሙም የጤና ማዕከሉም የማያነሡት አንድ ጉዳይ አለ። የአሜሪካ የዜግነትና የኢሚግሬሽን አገልግሎት በሚያዝያ 2019 ባወጣው መመሪያ፣ በግዛት ሕግ የተፈቀደ ቢሆንም ማሪዋናን መጠቀም ወይም በማሪዋና ንግድ ውስጥ መሥራት የፌዴራል ሕግን መጣስ ስለሆነ፣ ዜግነት ለሚጠይቅ ሰው የመልካም ሥነ ምግባር መስፈርቱን ሊያሳጣው እንደሚችል አስታውቋል። ፍርድ ቤት የፈረደበት መሆኑ ግድ አይደለም፤ በቃለ መጠይቅ ራሱ አምኖ መናገሩ ሊበቃ ይችላል። ግሪን ካርድ ያለው ተማሪ በበጋ ዕረፍት ዴንቨር ውስጥ በማሪዋና መሸጫ ካሸር ሆኖ ደመወዙን በሕጋዊ ቼክ ሲቀበል፣ ግብሩንም ሲከፍል፣ ያጠፋው ነገር እንዳለ አይታየውም። ብዙ ጊዜ ነገሩን የሚነግረው ጠበቃ ነው፤ ያውም ማመልከቻው ከገባ በኋላ።